በጎኑ የተኛው ሙርጎ

ኦኔ በምትባል የጄኔቭ ዳርቻ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ተረት የሚነግረኝ የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ፣ በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ሻማ አቁሞ ነበር። «ተረት በኤሌክትሪክ ፊት ያፍራል» ይለኝ ነበር። የምንኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሳሌቭ ተራራ ጥቁር ጀርባ ይታያል፣ ከወዲህ ደግሞ እንደ እኛው ሕንፃ ግራጫ የሆኑ ረጃጅም ሕንፃዎች ይደረደራሉ። ያኔ እናቴ ወይንሸት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምሽት ተራ ትሠራ ስለነበር፣ ከእራት በኋላ እሷ እስክትመለስ ያለው ጊዜ የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር። አባቴ ሲጋራውን ከሻማው ላይ ይለኩሳል፤ ጭሱ እንደ ቀጭን ክር ወደ ጣሪያው ይወጣና ይበተናል፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ በቀኝ ጎኑ ይጋደማል። በጎኑ ሲጋደም አባቴ መሆኑ ይቀርና ሙርጎ ይሆናል።

ሙርጎ ኩርቦ በሚባል ቆላማ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች የሚያመልኩት የመሬት አምላክ ነው። ሌላው ዓለም ሳይፈጠር ደክሞት በጎኑ ተጋደመ፤ እስከ ዛሬም አልተነሣም። ሸለቆው ከብብቱ እስከ ዳሌው ያለው ጎኑ ነው፣ አፈሩ ቆዳው ነው፣ ሰው ደግሞ በቆዳው ላይ የበቀለ ፀጉር ነው። ስለዚህ የኩርቦ ሰው መሬት የእኔ ነው አይልም። «ፀጉር ቆዳውን የእኔ ነው ይላል እንዴ?» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ድምፁን እንደ አምላክ አወፍሮ። ማሳውን በየዓመቱ በዕጣ ይከፋፈሉታል፤ አምና የአንዱ የነበረው ዘንድሮ የሌላው ይሆናል። ማረስ አይከለከልም፤ ማረሻው የሙርጎን ቆዳ የሚያክለት ጣት ነውና ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዝናብ ከመግባቱ በፊት የሸለቆው ሽማግሌ ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ «ተኝተሃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልስ ካልመጣ ተፈቅዷል ማለት ነው። ሕፃን ሲወለድ የእናቱን ጡት ከመቅመሱ በፊት ለአንድ አፍታ ራቁቱን አፈር ላይ ይጋደማል፤ ሙርጎ ክብደቱን እንዲያውቀው። ሰው ሲሞት እንደ አምላኩ በጎኑ ይቀበራል፣ በላዩም ምልክት አይደረግም። ከሁሉ የከፋው ኃጢአት ችካል መትከል ነው። ማረሻ ያካል፤ ችካል ግን ይወጋል።

እኔ ከመሳቢያ ሹካ አውጥቼ የአባቴን ጀርባ በሸሚዙ ላይ አርስ ነበር። «ወደ ታች ዝቅ በይ፣ እዚያ ጋ ማሽላ ዝሪበት» ይለኛል እየሳቀ። ሲስቅ ሸለቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ከላዩ እወድቃለሁ።

ተረቱ ብዙ ቅጥያ ነበረው፤ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ወጣት እንግዳ ባለሦስት እግር መነጽርና የብረት ሰንሰለት ይዞ ወደ ኩርቦ መጣ። የአገሩን ሕግ አያውቅምና ችካል ተከለ። ከችካሉ ሥር ቀይ ውኃ ፈለቀ። እንግዳው ደንግጦ ተንበርክኮ አለቀሰ። ሽማግሌው ግን ከመሬት አነሡትና፣ «ሳታውቅ ነው ልጄ፤ ሙርጎም ይቅር ብሎሃል» አሉት፤ ማር አብልተው በሰላም ሸኙት። እዚህ ላይ ሲደርስ የአባቴ ድምፅ ይቀጥናል። «ከዚያስ የት ሄደ?» ስለው «ሩቅ አገር» ይልና ሻማውን እፍ ይላል። መብራቱን እስኪያበራ ድረስ ከክሩ ጫፍ ላይ የቀረውን ቀይ ነጥብ አያለሁ።

አመንኩበት። በትምህርት ቤታችን ግቢ የአትክልት ቦታ ነበር፤ ቱሊፕ እንድንተክል ሲነገረን እኔ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን አፈሩ ላይ ለጠፍኩ። መምህርቷ ያመመኝ መስሏት እናቴን አስጠራቻት። እናቴ ያን ቀን ማታ ሥራ አልነበረባትም።

«ልጄን ጣዖት ታስተምርልኛለህ?» አለችው። «አቡነ ዘበሰማያትን አጥርታ ሳታውቅ!»

«ተረት እኮ ነው ወይንሸት።»

«ተረት ከሆነ ለምን እሱን ብቻ? ጦጣና ቀበሮ አጣህ?»

ያኔ እናቴ ስለ አምላክ የተጣላችው መስሎኝ ነበር።

አባቴ ጌታነህ አገር ቤት ሳለ መሐንዲስ እንደነበር ነው የተነገረኝ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እሱ ለሥልጠና አውሮፓ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች መታሰራቸውን ሲሰማ ሳይመለስ ቀረ። እኔና እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረስንበት። ጄኔቭ ውስጥ መሐንዲስነቱን የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ቀን ቀን በአንድ የወረቀት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ይደረድራል። ፈረንሳይኛው ግን ከባለ አገሮቹ ይልቅ ያምር ስለነበር፣ ከአገር የሸሹ ሰዎች ጥገኝነት ሲጠይቁ ቃላቸውን እንዲተረጉም ይጠሩታል። በዚያን ቀን ያለችውን አንዲት ክራቫት ያስራል። ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ይልና «ዛሬ የሰው ሕይወት አፌ ላይ ነበረች» ይለናል። በአባቴ አፍ እኮራ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በጥቅምቱ የትምህርት ዕረፍት፣ ዙሪክ ያለችው አክስቴ ጋ ሄድኩ። አክስቴ ጽጌ የእናቴ ታላቅ ናት። እዚያው ኦርሊኮን በሚባል ሰፈር በአንድ የማሽን ፋብሪካ ካንቲን ትሠራ ነበር፤ ቤቷም ለፋብሪካው ሠራተኞች የተሠራ አሮጌ ቤት ሆኖ የባቡሩን ሐዲድ ተጠግቶ ስለቆመ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሿሿሉ። ቤቱ የሚሞቀው በከሰል ምድጃ ነው። የምድጃው በር ሲከፈት የፍሙ ቅላት ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ከሰባተኛ ፎቃችን ማሞቂያ ጋር ሳወዳድረው፣ ያ ቤት እውነተኛ ቤት መስሎ ይታየኝ ነበር።

ስደርስ ምድጃው አጠገብ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ተቀምጠዋል። ሁለት እጃቸውን በሁለት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በሰው ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ቦታ ላለመያዝ ይጠነቀቃሉ።

«ጋሼ ዶልባ ይባላሉ» አለችኝ አክስቴ። «ጄኔቭ ጥገኝነት ጠይቀው ኔጋቲፍ መጣባቸው፤ አልተቀበሏቸውም። ይግባኝ እስኪሉ ድረስ እኔ ጋ ናቸው። አገራቸው ኩርቦ የሚባል ቆላ ነው።»

ካለሁበት ዘለልኩ። ኩርቦ ለእኔ በሻማና በምንጣፍ መካከል ያለ አገር ነበር፤ ከዚያ ሰው በባቡር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኮቴን ሳላወልቅ ስለ ሙርጎ ዘረገፍኩላቸው። ስለ ዕጣው፣ ስለ ሕፃኑ ክብደት፣ ስለ ሽማግሌው ጆሮ ነገርኳቸው። ጋሼ ዶልባ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ነገር በራሳቸው እየነቀነቁ ያጸድቁልኝ ጀመር። «ተኝተሃል?» የሚለውን ስናገር ከንፈራቸው በሌላ ቋንቋ ተንቀሳቀሰ።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«አባባ።»

«አንድም አልሳተም። አባትሽ አገራችንን እንዴት አወቁት?»

«ሠርቶበታል። መሐንዲስ ነበር።»

«መንገድ ሊሠሩ መጥተው ይሆናል» አሉ ለራሳቸው። «በይ ቀጥይ።»

ወደምወደው ክፍል ገባሁ። እንግዳው፣ ሰንሰለቱ፣ ችካሉ፣ ቀዩ ውኃ። «ሽማግሌውም ‹ሙርጎ ይቅር ብሎሃል› ብለው ማር አበሉት» ስል ጋሼ ዶልባ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እዚህ ላይ አባትሽ ተሳስተዋል።»

አክስቴ ከሰል ልትጨምር የምድጃውን በር ከፍታ ነበር፤ ሳትዘጋው ቆመች።

«ሽማግሌው አባቴ ነበር» አሉ ጋሼ ዶልባ። «ሸለቆውን ከጃንሆይ መንግሥት የተሰጠው አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ የትራክተር እርሻ ሊያደርገው ፈለገ። ቀያሽ ላከ። ቀያሹ ልጅ ነው፣ ጢም እንኳ አላወጣም። ሁለት ወር እኛ ጋ ተቀመጠ። ከአባቴ ጎን እየተቀመጠ ስለ ሙርጎ ሲጠይቅ ያመሻል። እናቴ ማር ሰጥታዋለች፤ ይቅር ብለን አይደለም፣ እንግዳ ስለሆነ ነው። ከዚያ አንድ ማለዳ ችካሉን ማስተከል ጀመረ። አባቴ መጀመሪያው ችካል ላይ በጎኑ ተኛበት። የባለርስቱ ዘበኞች በዱላ ደበደቡት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

«እንግዳውስ?» አልኩ። ድምፄ ይሰማኛል፤ ከሩቅ የሚመጣ የሌላ ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

«እንግዳው መነጽሩን ወደ ሌላው ጎን አዞረና መለካቱን ቀጠለ።»

ያን ምሽት እኔም አባቴ ተረቱን ከሌላ ሰው ሰምቶ መጨረሻውን ለእኔ ብሎ ያሳመረው ነው ብዬ ተኛሁ። ለልጅ ሲባል ተረት ይለሰልሳል፤ ይህን አውቅ ነበር።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ አክስቴ ከሥራ ስትመለስ አንድ ፖስታ ከመሳቢያ አወጣች። ጋሼ ዶልባ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ቢሮ የሰጡት ቃል የተጻፈበት ፕሮቶኮል ነው። በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ ከፈረንጅ ቋንቋ ጀርመንኛ ብቻ የምታውቀው አክስቴ ማንበብ አልቻለችም።

«አንቺ ትምህርት ቤት የምትማሪው በሱ አይደል? ምን እንዳለ ንገሪንና ለይግባኙ ጠበቃ እንፈልግ» አለችኝ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ጀመርኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ አባቴ እንደሚያደርገው አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ አንድ እተረጉማለሁ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ስማቸው፣ የትውልድ ቦታቸው፣ በየትኛው ድንበር እንደ ወጡ ሁሉ ልክ ነው ይሉኛል። ከዚያ የታሰሩበት ምክንያት መጣ።

«‹ጠያቂው ከዘመዶቹ ጋር በመሬት ተጣልቶ እንደ ታሰረ ተናገረ› ይላል።»

«አላልኩም» አሉ ጋሼ ዶልባ።

እንደገና አነበብኩት። ያው ነው።

«እኔ ያልኩት እንዲህ ነው» አሉ፣ ቃል በቃል እያስታወሱ። «ቀያሹ ለክቶ ሲጨርስ ‹ሰው የማይኖርበት ጠፍ መሬት› ብሎ ፈረመ። በዚያ ወረቀት ከሸለቆው ተነቀልን። ደርግ መጥቶ መሬት ለአራሹ ሲል እየጨፈርን ተመለስን። ሁለተኛውን አዝመራ ሳንሰበስብ ካድሬዎች መጡና የመንግሥት እርሻ ነው አሉ። የእኛ ነው ስንላቸው መዝገብ ገለጡ። ያው ወረቀት። ሰው የማይኖርበት። በስብሰባ ተነሥቼ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ በውሸት የሚያርስ መንግሥት ከባለርስቱ በምን ይሻላል ብዬ ተናገርኩ። ፀረ አብዮት ተብዬ የታሰርኩት ለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የነገርኳቸው። የቀያሹን ስም ሳይቀር ተናግሬያለሁ።»

«ምናልባት ጸሐፊው ረስቶት ይሆናል» አለች አክስቴ።

«መጨረሻ ላይ አስተርጓሚው በአማርኛ መልሶ አነበበልኝ፤ ያልኩትን ሁሉ ነው ያነበበልኝ። እንዴት አድርጎ እንዳነበበው! ከእኔ አሳምሮ። ለዚህ ነው እምነት ጥዬ የፈረምኩት።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለበጥኩ። ከታች ሦስት ፊርማ አለ። አንደኛው የጋሼ ዶልባ ነው። ሁለተኛውን አላውቀውም። ሦስተኛው «አስተርጓሚ» ከሚለው ቃል በላይ፣ ጭራው ወደ ኋላ ተመልሶ የራሱን አንገት የሚያንቅ ፊርማ ነው። በየሦስት ወሩ በትምህርት ቤት ውጤቴ ላይ የማየው።

«ይቺ የአባባ ፊርማ ናት» አልኩ።

ዛሬ ድረስ ይህን ለምን ዝም ብዬ እንዳላለፍኩት አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ የተናገርኩት። በሰው አገር ወረቀት ላይ የአባቴን እጅ አየሁ።

ጋሼ ዶልባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አባትሽ ማን ይባላሉ?»

አክስቴ አፌን ልትይዝ የፈለገች ይመስል እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

«ጌታነህ።»

ባቡር አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንሿሹ። ጋሼ ዶልባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደ ዘረጉ ቆዩ። አልጮሁም። «ጢም ሳያወጣ ነበር የማውቀው፤ ፊቱን አልለየሁትም» አሉ። «ለዚህ ነው ይቅር ብለውታል ያለሽ።» ከዚያ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ካፖርት እንኳ አልደረቡም። በመስኮቱ ሳያቸው በሐዲዱ አጥር ጎን ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር።

አክስቴ የዚያኑ ቀን ለአባቴ ደብዳቤ ጻፈችና ሳታሽግ ይዤው እንድሄድ ሰጠችኝ። «የተውከውን ቃል ጽፈህ ፈርም። ሌላ የምንለምንህ የለም። ይግባኙ የሚዘጋው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው» ይላል። ባቡር ላይ አወጣሁትና ደጋግሜ አነበብኩት፤ ፍሪቡርን እስክናልፍ በቃሌ ይዤው ነበር።

አባቴ ደብዳቤውን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበው።

«ፕሮቶኮሉን ያነበብሽላቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በትክክል ተረጎምሽላቸው?»

«አዎ አባባ።»

እንደ መምህር ራሱን ነቀነቀ። ያን ምሽት ሻማ አልበራም፣ ከዚያም በኋላ በቤታችን ሻማ ተረት አልተነገረበትም። እናቴ ሁሉንም ስትሰማ ነጠላዋን እንደ ለበሰች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ስለ ቀያሽነቱ ታውቅ ነበር፤ የጋሼ ዶልባን ቃል እንዴት እንደ ተረጎመ ግን አታውቅም። «ሰውየው አባቱን አጥቷል፣ አገሩን አጥቷል» አለችው። «ጻፍለት ጌታነህ።» በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ጻፍክ?» ትለዋለች። እሱ «ነገ» ይላል። በጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ስድስት ቀን አየሁት።

በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ አባቴ «ነይ እንውጣ» አለኝ። በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወረድን። በሐይቁ ዳር ማሮን የሚባለውን ቡናማ ልጣጭ ያለው የዛፍ ፍሬ የሚጠብስ ሰውዬ ነበር፤ ከተበሳሳው ምጣዱ ሥር ፍሙ ይታያል፣ ጭሱ ከሐይቁ ጭጋግ ጋር ይቀላቀላል። አባቴ አንድ ከረጢት ገዛልኝ። ማሮኑ ያቃጥለኛል፣ ከእጅ ወደ እጅ አገላብጠዋለሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ሂሩት፣ አንቺ አሁን ትልቅ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ያን ወረቀት ከጻፍኩ ከትርጉም ሥራው ያስወጡኛል። ያ ምንም አይደለም። ነገር ግን የእኔንም መዝገብ መልሰው ያዩታል። ስገባ የነገርኳቸው ሌላ ነው። ፔርሚያችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ሊነጥቁን ይችላሉ። ቤቱን፣ ትምህርት ቤትሽን። ወደ ደርግ ሊመልሱን ይችላሉ።»

አንድ ማሮን ላጥኩ።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ልጻፍ ወይስ አልጻፍ?»

የጋሼ ዶልባን እጆች አሰብኩ። እውነት አሰብኳቸው፤ ይህን ለራሴ መመስከር እፈልጋለሁ። ከዚያ አልጋዬን አሰብኩ፣ ሚሼል የምትባለዋን ጓደኛዬን አሰብኩ፣ በሌላ ሳምንት የምንሄድበትን የመዋኛ ትምህርት አሰብኩ።

«አትጻፍ» አልኩት።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ። ትከሻዬን አቀፈኝ። ካፖርቱ የሲጋራና የመጋዘን ወረቀት ይሸታል። ማሮኑን ጨርሼ በላሁት፤ ይጣፍጥ ነበር። ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ስትጠይቀው «ሂሩትም አትጻፍ ብላለች» አላት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እንድክድ የጠበቀች ይመስለኛል። እኔ ሳህኔን አየሁ። ነጩ ወረቀት በማግሥቱ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ።

ይግባኙ ያለ ምስክር ገባ፣ ያለ ምስክር ወደቀ። ጋሼ ዶልባ ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቁም። አንድ ቀን ማለዳ አክስቴ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝታቸው፣ በሁለት የላስቲክ ከረጢት የታጨቀ ልብሳቸውን ይዘው ወደ ጣሊያን በሚሄደው ባቡር ተሳፈሩ። ከሚላኖ አንድ ፖስትካርድ ጻፉላት፤ ደኅና ነኝ፣ ሥራ እፈልጋለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። አክስቴ ዓመታት በቀይ መስቀል ቤትና በየቤተ ክርስቲያኑ ጠየቀች። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

አባቴ ከዚያም በኋላ ክራቫቱን እያሰረ ሄዶ ተርጉሟል። ጎበዝ ነበር፤ በእሱ አፍ ብዙ ሰው ወረቀት አግኝቷል፤ ዛሬም በበዓል ቀን እየመጡ እጁን የሚስሙት አሉ። የኔን እጅ ይዞ «አባትሽ ነፍሴን ያተረፈ ሰው ነው» ያለኝ ሰው አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

አክስቴና አባቴ ዳግመኛ የተገናኙት በእናቴ ቀብር ላይ ነው። አክስቴ የእኔን አንገት አቅፋ አለቀሰች፣ እሱን ሳታየው አለፈች። በዚያ ሰሞን አባቴ ቨርሷ ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገብቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ክፍሉ ድረስ ሸኘሁት። ጫማውን አወለቅሁለት፣ ሻይ አፈላሁለት። ከዚያ ደርግ ወድቆ ስንት ዘመን እስኪያልፍ ድረስ አፌ ላይ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ለምን አልጻፍክላቸውም አባባ?»

ስለ ማን እንደምናገር ለማወቅ አልተቸገረም። ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ ቀና ብሎ አየኝ። በቅንነት የተገረመ ሰው ዓይን ነበር።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አትጻፍ ያልሽኝ?»

ልጅ ነበርኩ ማለት እችል ነበር። የጠየቅኸኝ መልሴን ስለምታውቅ ነው ማለትም እችል ነበር፤ አሁን እንደዚያ እንደሆነ አውቃለሁና። ግን ቃሉ ከእኔ አፍ መውጣቱ እውነት ነው። ስኳሩን አቀበልኩት።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን እንደ ቀረልኝ ራሴን ስጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ መራራው አይደለም። የሻማው ብርሃን፣ በሸሚዙ ላይ የምስበው ሹካ፣ ሲስቅ የሚንቀጠቀጠው ጀርባው ነው፤ ትዝ ሲለኝ አሁንም ደስ ይለኛል፣ ደስ ስለሚለኝም ራሴን እንቃለሁ። ጋሼ ዶልባ ያኔ አንድም አልሳተም ብለውኛል። አዎ፣ አባቴ አልሳተም። ሁለት ወር አብሯቸው በልቷል፣ አብሯቸው አምሽቷል፤ ማሳውን እንዴት ዕጣ እንደሚጥሉበት፣ ልጃቸውን ምን ላይ እንደሚያስተኙ፣ ሬሳቸውን በየትኛው ጎን እንደሚቀብሩ አንድ በአንድ ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው እስክሪብቶውን አንሥቶ ሰው አይኖርበትም ብሎ የፈረመው።